ኮከብና እልባት፦ በአይናቹራሊስት ላይ የወደድነውን የተፈጥሮ ምልከታ እንዴት እናስቀምጥ?

በኔቬ ዮሴፍ ከእናቶችና ከወጣቶች ጋር በምናደርጋቸው ስብሰባዎች ላይ ስልክ ይዞ ለጥያቄ የሚመጣው ሰው ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። ጥያቄውም ተለውጧል። ድሮ «ይህን ደብዳቤ አንብቡልን» ይባል ነበር፤ አሁን ደግሞ «ይህን ፎቶ ወድጄው ምልክት አድርጌበት ነበር፣ የት ገባ?» የሚል ተጨምሮበታል። (ደብዳቤውም አልቀረም፤ እሱም እንደ ወትሮው ይመጣል።) ስለ ፎቶው የሚጠይቁን ብዙዎቹ አይናቹራሊስት በተባለው የተፈጥሮ ምልከታ አገልግሎት የሚጠቀሙ ልጆች ወላጆች ወይም አያቶች ናቸው። በመሆኑም ስለ ኮከቡና ስለ እልባቱ የምናውቀውን አንድ ቦታ ላይ ጽፈን ማስቀመጥ ይጠቅማል ብለናል።

በመጀመሪያ አገልግሎቱ ምን እንደሆነ ባጭሩ እንግለጽ። አይናቹራሊስት በ2008 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተማሪዎች ለማስተርስ ዲግሪያቸው የሠሩት የመመረቂያ ሥራ ነበር። በ2014 የካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ አካል ሆነ፤ በ2017 ናሽናል ጂኦግራፊክ ተጨመረበት፤ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ራሱን የቻለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ሰዎች ያዩትን ወፍ፣ አበባ፣ ነፍሳት ወይም አውሬ ፎቶ አንስተው፣ ወይም ድምፁን ቀድተው፣ ከቀኑና ከቦታው ጋር ያስገባሉ። ይህ አንድ «ምልከታ» ይባላል። ሌሎች ተጠቃሚዎች ደግሞ «ይህ እንትን የተባለው ዝርያ ነው» እያሉ ይለዩታል። እስካሁን ከ200 ሚሊዮን በላይ ምልከታዎች ተሰብስበዋል። በእስራኤልም በጎላን የተጀመረውና የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት «ታጽፒቴቫ» የተሰኘው ፕሮጀክት የተሠራው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ገጹ በዕብራይስጥም ስለሚከፈት ልጆቻችን አይቸገሩም።

አሁን ወደ ኮከቧ እንምጣ።

በእያንዳንዱ ምልከታ ላይ ከፎቶው አጠገብ አንዲት ትንሽ ኮከብ አለች። ምልከታውን ለማየት አካውንት አያስፈልግም፤ ኮከቧን ለመጫን ግን ያስፈልጋል። ስትጫን ትሞላለች፤ እንደገና ስትጫን ባዶ ትሆናለች። ከአጠገቧ ስንት ሰው እንደ ወደደው ቁጥሩ ይታያል። የወደዱትን ሰዎች የመጠቀሚያ ስምም ማየት ይቻላል። ኮከብ የሰጠናቸው ምልከታዎች በሙሉ ደግሞ በእኛው ስም ተዘርዝረው በአንድ ገጽ ይቀመጣሉ። እንግዲህ «የት ገባ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ የትም አልጠፋም፣ በስማችሁ በተያዘው የተወደዱ ምልከታዎች ገጽ ላይ አለ።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ያ ገጽ የግል መሳቢያ አይደለም። የመጠቀሚያ ስማችንን የሚያውቅ ማንም ሰው ከፍቶ ምን ምን እንደ ወደድን ሊያይ ይችላል። ኮከብ መስጠት በሰው ፊት ማጨብጨብ ማለት ነው። ያጨበጨበውን ሰው ሁሉም ያየዋል። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ፎቶውን ያነሳውን ሰው የሚያበረታታ ነው። ሆኖም «ለራሴ ብቻ አስቀመጥሁ» ብሎ የሚያምን ሰው ተሳስቷል።

ሁለተኛው ስሕተት ኮከብን ከማረጋገጫ ጋር መቀላቀል ነው። አንዲት ልጅ የአንድ ወፍ ፎቶ አሥር ኮከብ ስላገኘ «አሥር ሰው ትክክል ነው ብሎ ፈርሞበታል» ብላ ስትከራከረን ሰምተናል። አይደለም። አንድ ምልከታ «ለምርምር የሚበቃ» የሚባለው ቀንና ቦታ፣ ፎቶ ወይም ድምፅ ኖሮት፣ በሰው እጅ ያልተተከለ ወይም ያልተያዘ ፍጥረት ሆኖ፣ ከለዩት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት በዝርያው ስም ሲስማሙ ነው። እንዲህ ያለው ምልከታ፣ ባለቤቱ የፈቀደው የባለቤትነት መብት ዓይነት የሚያስችል ከሆነ፣ ዓለም አቀፉ የብዝኀ ሕይወት መረጃ ማከማቻ ዘንድ ይደርሳል፤ ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። በዚህ ሁሉ ሂደት ኮከብ አንዳች ድርሻ የለውም። መቶ ኮከብ ያለው ፎቶ በስሕተት ስም ሊጠራ ይችላል፤ አንድም ኮከብ ያላገኘች ደብዛዛ የሣር ፎቶ ደግሞ ለአንድ ተመራማሪ ዋጋዋ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ኮከብ ምን ይሠራል? አንደኛ፣ ምልከታዎችን ስንፈልግ በኮከብ ብዛት ቅደም ተከተል እንዲደረደሩ ማዘዝ ይቻላል። ሃይፋን ብለን ፈልገን እንዲህ ብናስደረድር ከላይ የሚመጡት ዓይን የሚስቡት ናቸው። ትንንሾቹና ቡናማዎቹ ከታች ይቀራሉ፤ ሰው ምን እንደሚወድ እንጂ ካርሜል ላይ ምን እንዳለ አይነግረንም። ሁለተኛ፣ የድርጅቱ ሠራተኞች የዕለቱንና የሳምንቱን ምልከታ መርጠው ለሕዝብ ሲያወጡ የሚያዩት ተጠቃሚዎች ኮከብ የሰጧቸውን ነው። ስለዚህ ኮከብ እንደ ጥቆማ ይቆጠራል። ኔቬ ዮሴፍ ውስጥ የተነሳች አንዲት ፎቶ በብዙ ሺህ ሰዎች ፊት ልትቀርብ የምትችልበት አንዱ በር ይህ ነው። የዚህን በር ጥቅምም ጉዳትም ዝቅ ብለን እናነሣዋለን።

ለግል ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው እልባት ያድርግ። እልባት የሚለው ቃል ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በብራና መጽሐፍ ገጽ መካከል ጣል የሚደረገው ክር ነው፤ አንባቢው ያቆመበትን እንዳያጣ የሚያደርገው። በስልክና በኮምፒዩተርም ሥራው ያው ነው። የምልከታውን ገጽ በብራውዘሩ እልባት ውስጥ ማስቀመጥ ማለት ሊንኩን በራስ መሣሪያ ላይ መያዝ ነው፤ ፎቶውን ያነሳውም ሰው ሆነ ሌላ ተጠቃሚ አያውቀውም። አንድን ምልከታ ብቻ ሳይሆን አንድን ፍለጋም በእልባት መያዝ ይቻላል። ለምሳሌ ቦታውን ሃይፋ፣ ዝርያውን የዱር አሳማ አድርገን የፈለግነውን ገጽ እንዳለ ብናስቀምጥ፣ በከፈትነው ቁጥር አዲስ የገባውን እየጨመረ ይጠብቀናል። እኛ ከኮከቡ ይልቅ ይህን ነው አዘውትረን የምንጠቀምበት።

በሁለቱ መካከል ደግሞ «መከተል» የሚባል አለ። አንድን ምልከታ ስንከተል፣ ሰው አስተያየት ሲጽፍበት ወይም አዲስ ስም ሲያወጣለት ማሳወቂያ ይደርሰናል። ራሳችን ስም ካወጣንለት ወይም አስተያየት ከጻፍንበት ግን ሳንጠይቅም ተከታይ እንሆናለን። «ይህ ወፍ በመጨረሻ ማን ተባለ?» ብሎ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው የሚበጀው ከኮከቡ ይልቅ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ማኅበረሰብ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖራል። በበኩላችን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው እንላለን።

እንደሚታወቀው ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር የመጡት ወላጆቻችን ዛፉን፣ ወፉን፣ አውሬውን በስሙ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እዚህ አገር ከመጡ በኋላ ግን ይህን እውቀታቸውን የሚጠይቃቸው አልነበረም። ዕብራይስጡን ስለማያውቁ «የማያውቁ» ተባሉ፤ ልጆቻቸውም እንዲሁ መሰላቸው። በሥራችን የምናየው ትልቁ የቤት ውስጥ ዝምታ ምንጩ ይህ ነው። አያት ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲጠየቁ የልጅ ልጃቸውን አስተርጓሚ ያደርጋሉ፤ እሳቸው አስተማሪ የሚሆኑበት ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ታጥቷል።

አንድ ቀን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በቤት ሻን ሸለቆ የተነሳ የትላልቅ ነጭ ወፎች መንጋ ፎቶ አያቷን አሳየቻቸው። በትምህርት ቤት ቲዩል ላይ ስለ ፍልሰተኛ ወፎች ሰምታ ነበር።

«እማማ፣ ይህን ወፍ ያውቁታል?»

«ሽመላ ነዋ! አንቺ ልጅ፣ ይህን ከየት አመጣሽው?»

ከዚያ በኋላ የተከተለውን መገመት አያዳግትም። በአገራችን ሳሉ ልጆች ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት እየጠየቁ ይዘፍኑለት እንደ ነበር የማያስታውስ ትልቅ ሰው የለም። ነገሩም ባዶ የልጅ ጨዋታ አልነበረም። ነጭ ሽመላ ከአውሮፓ ተነሥቶ ወደ አፍሪካ ሲወርድና ሲመለስ በባሕር ላይ መብረር ስለሚከብደው ከመሬት በሚነሣው ሞቃት አየር እየተንሳፈፈ በእስራኤል በኩል ያልፋል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። በጸደይ ወደ ሰሜን የሚሄደው ሽመላ በእርግጥም ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ ነበር የሚሄደው። ልጅቷ ያንን ፎቶ ኮከብ ሰጠችው። አያቷም «ለእኔም አድርጊልኝ» አሏት። አካውንት ስላልነበራቸው ግን አልሆነም። እኛ ዘንድ የመጡትም ለዚሁ ነው።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ፍለጋውን ወደ ሰሜን ተራሮች አዞርነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ጎብኚዎች በየዓመቱ የጭላዳ ዝንጀሮ፣ የዋልያና የቀይ ቀበሮ ፎቶ ወደ አይናቹራሊስት ያስገባሉ። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው እዚያ ብቻ ነው። በወገራ ያደጉት እኚህ እናት ጭላዳዎቹን ሲያዩ ስለ አለባበሳቸው እየቀለዱ፣ ወንዱ ደረቱ ላይ ስላለው ቀይ ነገር እያስረዱ፣ እህል እንዳይበሉ በወንጭፍ ሲጠብቁ ስለ መዋላቸው ተረኩ። ልጅቷ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም ነበር። የኮከቦቿ ገጽ ከዚያ ወዲህ የአያቷ አገር አልበም ዓይነት ሆኗል። ሰው ስላየው የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ እንዲህ ላለው ነገር ኮከብ ትክክለኛው ቦታ ነው።

ስለ ዕፅዋትም እንዲሁ። ጤና አዳም ለምሳሌ በኢትዮጵያ ጓሮ የምናውቃት ተክል፣ እዚህም በካርሜል ድንጋያማ ቦታዎች በዱር ትበቅላለች፤ በዕብራይስጥ «ፔይጋም» ትባላለች። አይናቹራሊስት ላይ ሁለቱም በአንድ የሳይንስ ስም ሥር ይወጣሉ። እናቶቻችን ግን ጤና አዳሟን የሚያሳድጉት በረንዳ ላይ በድስት ወይም በባልዲ ነው። እንዲህ ያለውን ፎቶ የምታስገቡ ከሆነ «በሰው የተተከለ» የሚለውን ምልክት ማድረግ ግዴታችሁ ነው። ያን ጊዜ «ለምርምር የሚበቃ» አይባልም። አንዲት እናት ይህን ስንነግራቸው «የእኔ ጤና አዳም ከዱሩ ታንሳለች እንዴ?» ብለው ተቆጥተውናል። አታንስም። ምርምሩ የሚፈልገው ተክሉ ያለ ሰው እገዛ የት እንደሚበቅል ስለሆነ ነው እንጂ። ኮከብ ግን የባልዲዋም ጤና አዳም ልታገኝ ትችላለች፤ አግኝታለችም።

ከዚህም ሌላ ለአንድ ዝርያ በተለያዩ ቋንቋዎች የሚጠራበትን የተለመደ ስም ማስገባት የሚቻልበት ቦታ አለ። አማርኛው ከሌለ ወይም ከተሳሳተ ከአያት ጠይቆ ማስገባት ይቻላል። ስሙ ሰዎች በእርግጥ የሚጠሩበት መሆን አለበት፤ እዚያው ፈጥሮ ማስገባት አይፈቀድም። በእኛ አስተያየት አንድ ትክክለኛ የአማርኛ ስም ከብዙ ኮከብ ይበልጣል፤ ኮከቡ ወደድነው ይላል፣ ስሙ ግን እናውቀዋለን ይላል።

አሁን ወደ ጉዳቱ።

የሃይፋ ነዋሪ ሁሉ እንደሚያውቀው የዱር አሳማ ከካርሜል ሸለቆዎች እየወጣ በየመንገዱ፣ በየቆሻሻ ገንዳው ይዞራል። ማዘጋጃ ቤቱ በ2019 አሳማዎቹን በጥይት መግደሉን ካቆመ በኋላ ክርክሩ በጣም ጦፎ ነበር። እኛ ከወጣቶች ጋር በሠራንበት ወቅት አንድ ልጅ ከቤቱ በረንዳ ላይ ሆኖ እናቲቱን አሳማ ከግልገሎቿ ጋር አሪፍ አድርጎ አነሣት። ፎቶው ወዲያው ኮከብ ሰበሰበ፤ እኛም እያጨበጨብን ለጓደኞቻችን አሳየን። ከቀናት በኋላ ነው ካርታውን አስፍተን ያየነው። ነጥቡ የቆመው በልጁ ሕንጻ ላይ ነበር። የልጁ እናት ደግሞ አድራሻቸው እንዲታወቅ የማይፈልጉበት በቂ ምክንያት ያላቸው ሴት ነበሩ፤ ይህንንም ከማንም በላይ እኛ ልናውቅ ይገባን ነበር። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፣ የእኛ ነው። አስቀድመን አላስተማርነውም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ አስቀድሞ ከተደረገ። ምልከታ ስናስገባ ቦታውን በሦስት መንገድ ማሳየት እንችላለን፦ ግልጽ፣ የተድበሰበሰ ወይም የተደበቀ። የተድበሰበሰ ሲሆን ሌሎች የሚያዩት በግምት 20 ኪሎ ሜትር በ20 ኪሎ ሜትር በሆነ ክልል ውስጥ ያለ በዘፈቀደ የተጣለ ነጥብ ነው። ከቤት፣ ከበረንዳ፣ ከልጆች መዋያ ግቢ የተነሣ ፎቶ ሁሉ ቢያንስ የተድበሰበሰ ይሁን እንላለን። በጽሑፉም ላይ «ከቤቴ መስኮት» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም። በኋላ ማስተካከልም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ያየው አይቶታል። ኮከብ ሲበዛ የሚያየው ዓይንም ይበዛል።

ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን በተመለከተ አገልግሎቱ ራሱ ቦታቸውን ያድበሰብሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያማረና ብርቅ የሆነ ነገር ያለበትን ሰው ካወቀ ሊነቅለው ወይም ሊያጠምደው ይሄዳል። እዚህ አገር የዱር አበባ መቅጠፍ በሕግ የተከለከለው በ1960ዎቹ ነው። በፊት ሰው በየሰንበቱ ራኬፌት እቅፍ ሙሉ ቀጥፎ ይመለስ ነበር፤ ከክልከላውና ከትልቁ የቅስቀሳ ዘመቻ በኋላ ግን ልማዱ ተለወጠ። ዛሬ አበባው እሥሩ ላይ ሆኖ ኮከብ ይሰጠዋል። ሆኖም በሕግ የተጠበቀ ሆኖ አገልግሎቱ ቦታውን ያላድበሰበሰው አበባም ሊኖር ስለሚችል፣ ያገኘ ሰው በራሱ ቢያድበሰብሰው መልካም ነው።

ስለ ልጆች አንድ ነገር እንጨምር። ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አካውንት የሚከፍተው በወላጅ ፈቃድ ነው። ለትንንሾቹ «ሲክ» የተባለው የዚሁ ድርጅት ሌላ መተግበሪያ ይሻላል፤ ከ2018 ጀምሮ ያለ ሲሆን ያለ ምዝገባ ይሠራል፣ ካሜራውን ወደ ተክሉ ሲያዞሩት ስሙን ይገምታል፣ ፎቶውን ለሕዝብ አያወጣም። ኮከብ ግን እዚያ የለም። የመጠቀሚያ ስም ሲመረጥም የልጁን ሙሉ ስም ባታደርጉት ጥሩ ነው፤ የኮከቦቹም ገጽ በዚያው ስም ስለሆነ።

በመጨረሻ ስለ መጥፋት። የሰጠነው ኮከብ የሚቆየው ምልከታው እስካለ ድረስ ነው። ባለቤቱ ፎቶውን ቢያነሣው ወይም አካውንቱን ቢዘጋ ከእኛ ገጽ ላይም አብሮ ይሄዳል፤ በብራውዘር የያዝነው እልባትም ባዶ ገጽ ይከፍታል። ፎቶውን ወደ ስልካችን ገልብጠን ለሌላ ማሰራጨት ደግሞ ያነሳውን ሰው መብት ይነካል፤ ከፎቶው ሥር የተጻፈውን የፈቃድ ዓይነት ማየት ያስፈልጋል። በእርግጥ እንዲቆይ የምንፈልገውን ግን በደብተር መያዝ የሚከለክለን የለም። ያቺ የ12 ዓመት ልጅ አሁን አንድ ደብተር አላት። በአንድ በኩል የምልከታውን ቁጥር፣ ቀኑንና የዕብራይስጡን ስም ትጽፋለች፤ በሌላው በኩል አያቷ የሚሏትን በአማርኛ ትጽፋለች፤ ፊደሉንም የምትማረው በዚያው ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ሽመላ ነው፤ «ሽ»ን ሁለት ጊዜ ሰርዛ ነው የጻፈችው።